ያለ ሽቦ መብራት ለማዳረስ የተመኘው ኒኮላ ቴስላ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ፊት ቆሜ ስለ ኒኮላ ቴስላ ተናግሬ ነበር። ያልሁትም በአጭሩ ይህ ነው፤ ቴስላ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለ አንዳች ሽቦ ከማመንጫው ተነሥቶ በየሰው ቤት እንዲገባ የሚያደርግ ማማ ሠርቶ ጨርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ገንዘቡን የሰጠው ባለጸጋ እንዲህ ባለው ኃይል ላይ ቆጣሪ ሊተከል እንደማይችል በተረዳ ጊዜ ሥራውን አስቆመው። ንግግሬን ስጨርስ ጓደኞቼ በብርቱ አጨበጨቡልኝ። የፊዚክስ መምህራችን ግን ከኋላ ወንበር ሆነው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ የቴስላ አምፖሎች ያለ ሽቦ የበሩት በስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደ ሆነና ርቀቱን የለካው ማን እንደ ነበረ። አላወቅሁም። አፍሬ ተቀመጥሁ።

ነገሩ ለእኔ ክርክር የማሸነፍና የመሸነፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከቤታችን እስከ መጨረሻው የመብራት ምሰሶ ድረስ 200 ሜትር ያህል ነበረ። ከምሰሶው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ማታ ማታ ብርሃን ሲያገኙ እኛ ወዲህ ያለነው በኩራዝ እናመሽ ነበር፤ ለተጨማሪው ምሰሶና ሽቦ የሚከፈለው ገንዘብ ከአባቴ አቅም በላይ ሆኖ ዓመታት አለፉ። እኔም በኩራዙ ጢስ የሚቆጠቁጠኝን ዓይኔን እያሸሁ ሳጠና፥ ያን የቀረውን 200 ሜትር ኮረንቲው ዘልሎ ቢመጣ ምን ነበረበት እያልሁ አስብ ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው ተወልዶ ነበር፥ ነገር ግን ከለከሉት የሚል ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ሳልመረምር ያመንሁት ስለዚህ ነው። ከመምህራችን ጥያቄ በኋላ ግን የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁ። ያገኘሁትን ለአንባብያን እነሆ አቀርባለሁ።

ኒኮላ ቴስላ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 10 ቀን 1856 ዓ.ም. ስሚልያን በምትባል መንደር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ክሮኤሽያ ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ ሰርቦች ሲሆኑ አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ነበሩ። እናቱ ትምህርት ቤት ባይገቡም ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በእጃቸው የሚሠሩ፥ የሰርብ ሕዝብ ረጃጅም የጀግና ግጥሞችንም በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ቴስላ የመፍጠር ስጦታው ከእናቱ የመጣ መሆኑን እስከ ሽምግልናው ድረስ ይናገር ነበር።

አባቱ ልጃቸው እንደ እርሳቸው ቄስ እንዲሆን ይመኙ ነበር። ልጁ የሚወድደውን ትቶ አባት የመረጠለትን እንዲማር መገደዱ በእኛም አገር ስለማይጠፋ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በ1873 ቴስላ በኮሌራ ተይዞ ለሞት ተቃረበ። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ከዳነ የምሕንድስና ትምህርት ቤት እንደሚያስገቡት አባቱ ቃል ገቡለት፤ ልጁም ዳነ። በ1875 ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ከተማ በሚገኘው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ገባ።

እዚያ አንድ ቀን መምህሩ ፕሮፌሰር ፐሽል ከፓሪስ የመጣ ዲናሞ ለተማሪዎቹ አሳዩ። ያ ዲናሞ በቀጥተኛ ኮረንቲ ማለት ዘወትር ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚፈስ ኮረንቲ የሚሠራ ነበረ። በሚሽከረከረውም ክፍሉ ላይ የሚተሻሹ ብሩሾች ነበሩበትና ሲሠራ ብልጭታ ይረጭ ነበር። ወጣቱ ቴስላ ብሩሾቹ ጨርሶ ሊቀሩ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረበ። መምህሩም ይህ ከቶ ሊሆን እንደማይችል በክፍሉ ሁሉ ፊት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡበት። ተማሪው ለጊዜው ዝም ቢልም ነገሩን ከልቡ አላወጣውም። ትምህርቱን ግን አልጨረሰም፤ ቁማር ለምዶ ገንዘቡን አጠፋና በ1878 ያለ ዲፕሎማ ግራትስን ለቅቆ ሄደ። ይህን የምጽፈው የሰውየውን ስም ለማጉደፍ አይደለም፤ ስለ ሊቃውንት የሚጻፉልን ታሪኮች እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘልሉት ነው።

ለዚያ ለብሩሹ ጉዳይ መልሱን ያገኘው በ1882 ቡዳፔስት ውስጥ ከወዳጁ ጋር በአንድ መናፈሻ ሲንሸራሸር ነው። ጎቴ ከጻፈው ከፋውስት በቃሉ እየደገመ ሲሄድ ድንገት ቆመና በእንጨት መሬቱ ላይ ሥዕል ይሥል ጀመር። የታየው ነገር የሚሽከረከር የማግኔት ኃይል ነው። ይህን በምሳሌ ላስረዳ። በክብ የቆሙ ልጆች አንዱ እጁን ሲያወርድ ቀጥሎ ያለው እያነሣ ተራ በተራ ቢያደርጉ፥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ እጅ ክቡን እየዞረ የሚሮጥ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከቦታው የተንቀሳቀሰ ልጅ የለም። ቴስላም በልጆቹ ፈንታ ጥቅል ሽቦዎችን በክብ አቁሞ፥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተራ በተራ ቢለቅቅባቸው፥ በመካከል ያለው ብረት የሚዞረውን ማግኔት ተከትሎ ይሽከረከራል። ብሩሽም ብልጭታም የለበትም። ዛሬ በወፍጮ ቤት የምናየው ትልቅ ሞተር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

በእኔ አስተያየት የሰውየው ሕይወት ሁሉ፥ ስኬቱም ውድቀቱም፥ ከዚህች ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ቴስላ መሣሪያውን በወረቀት ከመንደፉና በብረት ከመሥራቱ በፊት በአእምሮው አቁሞ፥ አስነሥቶ፥ የሚጎድለውን አርሞ ይጨርስ ነበር። ሞተሩን በእውነት ሠርቶ ሲያስነሣውም ልክ እንዳሰበው ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ አእምሮውን ከመለኪያ አብልጦ ቢያምን አይፈረድበትም።

በፓሪስ በኤዲሰን ኩባንያ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1884 ኪሱ ውስጥ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ከቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ወራት ብቻ ሠርቶ ወጣ፤ ያቋቋመውንም ኩባንያ ሸሪኮቹ ወሰዱበት፤ እስከ 1887 ድረስ ባለው ጊዜ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ቦይ እስከ መቆፈር ደርሶ ነበር። በ1888 ግን የሞተሩ የፈጠራ መብት ተሰጠውና ጆርጅ ዌስቲንግሀውስ የተባለው ባለ ፋብሪካ መብቱን ተዋዋለው። ኤዲሰን በቀጥተኛው ኮረንቲ ጸንቶ ብዙ ቢታገልም፥ የ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርኢት በተለዋዋጭ ኮረንቲ ደመቀ። በ1896ም ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ገባ። በነገራችን ላይ ቀጥተኛውም ኮረንቲ ጨርሶ አልቀረም፤ ከእኛው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ወደ ኬንያ የሚሄደው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር የተሠራው ለቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ኤዲሰን ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ቴስላ በ1891 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ኮሌጅ በመሐንዲሶች ፊት ቀርቦ በጣሪያው ላይ ሁለት የብረት ወረቀቶች አንጠለጠለ፤ በመካከላቸውም ጋዝ የተሞላ የመስታወት ቱቦ በእጁ ይዞ ቆመ። ቱቦው ከምንም ሽቦ ጋር ሳይገናኝ በራ። እንዲህ ያለውን ብርሃን የሰጠው በሴኮንድ እጅግ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ኮረንቲ ነው። ያን ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር በአንድ ከተማ፥ ከዚያም በዓለም ሁሉ የማይሆንበት ምክንያት አልታየውም።

ይህንን ለመሞከር በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ወደምትገኝ ከተማ ሄደ። በሜዳው ላይ ከእንጨት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አቆመ፤ ከጣሪያውም በላይ 40 ሜትር የሚያልፍ ምሰሶ ተከለ። በአዳራሹ ውስጥ በሰው እጅ የተሠራ መብረቅ አስጮኸ፤ የከተማይቱም ጄኔሬተር አንድ ጊዜ እስኪቃጠል ድረስ ኃይል ሳበ። በጁላይ ወር 1899 አንድ ምሽት ኃይለኛ ነጎድጓድ ከከተማዋ በላይ አልፎ ሲሄድ መሣሪያውን እየተመለከተ ነበር። ማዕበሉ እየራቀ ሲሄድ የመሣሪያው ምልክት እየደከመ መጥፋት ሲገባው፥ ደክሞ እንደ ገና ይበረታ፥ በርትቶ እንደ ገና ይደክም ጀመር። ቴስላም ከዚህ ተነሥቶ መሬት ራስዋ እንደ ደወል የምትደወል መሆንዋን ደመደመ።

ሐሳቡ እጅግ ያማረ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በትክክለኛው ጊዜ በጣት ብቻ እየገፉ ቢያወዛውዙት፥ ትንሽ ትንሹ ግፊት ተጠራቅሞ ልጁን ወደ ላይ ያወጣዋል። ቴስላም መሬትን እንደ አንድ ትልቅ ዥዋዥዌ ቈጠራት። ከአንድ ማማ ሥር በትክክለኛው ልክ ኮረንቲ ወደ መሬት ቢገፋ፥ የተገፋው ሁሉ በመሬት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወዲያ የትም አገር ያለ ሰው አንድ ዘንግ መሬት ውስጥ ተክሎ፥ አንድ አነስተኛ መቀበያ ከጣሪያው ላይ አቁሞ፥ መብራቱን ያበራል። ምሰሶ የለም፤ 200 ሜትርም የለም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኛ ቤት በዓይኔ መጣብኝ።

ነገር ግን የመምህራችን ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ቴስላ ከሞተ በኋላ በ1944 የታተመ የሕይወት ታሪኩ በኮሎራዶ ሳለ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ 200 አምፖሎችን ያለ ሽቦ እንዳበራ ይተርካል፤ እኔም በክርክሩ የደገምሁት ይህንኑ ነበር። ቴስላ በኮሎራዶ በየቀኑ ይጽፍበት የነበረው የማስታወሻ ደብተር በ1978 በቤልግሬድ ታትሟል፤ ስለ 200 አምፖሎች ግን አንድም ነገር የለበትም። በእውነት ያበራቸው ጥቂት አምፖሎች ናቸው፤ እነርሱም ከአዳራሹ አጠገብ በአሥር በሚቈጠር ሜትር ርቀት ላይ፥ መሬት ላይ ከተዘረጋ ክብ ሽቦ ጋር የተያያዙ ነበሩ። በኪሎ ሜትር ርቆ ለቤት የሚበቃ ኃይል መቀበሉን የለካ ሰው የለም፤ እርሱ ራሱም አልለካም። እንግዲህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው ነው። ከክርክሩ ቀን ይልቅ ያፈርሁት ይህን ባገኘሁ ጊዜ ነው።

ቴስላ በ1900 መጀመሪያ ወደ ኒውዮርክ ሲመለስ ግን ጥርጣሬ አልነበረበትም። በ1901 ጄ. ፒ. ሞርጋን የተባለው የታወቀ የባንክ ባለጸጋ 150,000 ዶላር ሰጠው። ሞርጋን ገንዘቡን የሰጠው አትላንቲክን አቋርጦ ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያስተላልፍ ጣቢያ ነበር። ቴስላም ሎንግ አይላንድ ላይ ዋርደንክሊፍ በተባለ ስፍራ ማማውን ጀመረ። ቁመቱ 57 ሜትር ነበረ፤ በጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ ራስ ያለ ትልቅ ጉልላት ተቀምጦበታል፤ ከሥሩም መሬቱን ለመጨበጥ ጥልቅ ጕድጓድ ተቆፍሯል። ሥራው ገና ሳይጋመስ በዲሴምበር 12 ቀን 1901 ጣልያናዊው ማርኮኒ እጅግ ባነሰ ወጪ ከእንግሊዝ አገር እስከ ኒውፋውንድላንድ የአንዲት ፊደል ምልክት አሻገረ። የሞርጋን ገንዘብ የታሰበለት ነገር በሌላ ሰው እጅ ተፈጸመ ማለት ነው።

አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ አነስተኛ ጣቢያ ሠርቶ መልእክት ማስተላለፍ ይጀምር ነበር። ቴስላ ግን ዕቅዱን አሳደገው እንጂ አላሳነሰውም። የዕቃ ዋጋ ጨመረ፤ ገንዘቡ አለቀ። በ1903 እውነተኛው ዓላማው መልእክት ብቻ ሳይሆን ኃይል ማስተላለፍ መሆኑን ለሞርጋን ጽፎ ተጨማሪ ገንዘብ ለመነ። ሞርጋንም ለጊዜው ሌላ ገንዘብ ለመስጠት አለመፈለጉን በአጭር ደብዳቤ መለሰለት። ስለ ቆጣሪ የሚነገረው ወሬ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የለም። ሞርጋንን ለመከላከል ጠበቃ አልቆምሁም፤ በልቡ ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅ። ነገር ግን ለአንድ ሥራ ገንዘብ የሰጠ ሰው ለሌላ ሥራ እንደ ዋለበት ሲሰማ ኪሱን ቢዘጋ፥ ይህን ክፋት ለማለት አሁን አልደፍርም። ቴስላ ማማውን በዚያው በጁላይ ወር አስነሥቶት የአካባቢው ሰዎች በሌሊት ሰማዩ ላይ ብልጭታ አይተው ተደንቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው እየደከመ ሄዶ ቆመ። ቴስላ ይኖርበት ለነበረው ሆቴል ወደ 20,000 ዶላር የሚደርስ ዕዳ ስለ ነበረበት በ1915 ቦታውን ለባለ ሆቴሎቹ አስረከበ፤ እነርሱም በ1917 ማማውን በፈንጂ አፍርሰው ብረቱን ሸጡት።

ገንዘቡ ቢገኝ ኖሮስ ማማው ለዓለም ቤቶች መብራት ይሰጥ ነበር ወይ? የዛሬው ሳይንስ መልሱ አይሰጥም ነበር ነው። መሬት እንደ ጥሩ ብረት ኮረንቲን አታስተላልፍም፤ ብዙውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጣ ታጠፋዋለች። መሬትና ከበላይዋ ያለው አየር እንደ ደወል የሚወዛወዙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1952 ልኩን አስልቶ፥ በሴኮንድ ወደ 8 ጊዜ ያህል መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ነገር ግን ይህ ደወል ስንጥቅ እንዳለበት ደወል ነው፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፥ የተገፋውም አይጠራቀምም። በአየር የሚበተነውም ኃይል ከኩራዝ እንደሚወጣ ብርሃን ነው፤ መጽሐፉን ከኩራዙ በሁለት እጥፍ ብታርቁት የሚደርሰው ብርሃን ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል። ይህንን እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ኃይልን ያለ ሽቦ ማስተላለፍ ራሱ ግን ሐሰት አይደለም። በ1975 አሜሪካ ውስጥ ጎልድስቶን በተባለ ስፍራ 26 ሜትር ስፋት ካለው ሳሕን የወጣ ጨረር 1.6 ኪሎ ሜትር ተሻግሮ ከ30 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል አቀብሏል። በ2007 ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በሁለት ጥቅል ሽቦዎች መካከል 2 ሜትር ያህል አሻግረው ባለ 60 ዋት አምፖል አበሩ፤ ከተላከው ኃይል የደረሰው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ሳይሰኩ በላዩ ላይ በማስቀመጥ ብቻ ስልክ የሚሞላው መሣሪያም የዚሁ ዘመድ ነው። ከ200 ሜትር ማዶ ላለ ቤት ግን እስከ ዛሬ ከሽቦ የረከሰ አልተገኘም።

የቴስላ የመጨረሻ ዓመታት የሚያሳዝኑ ናቸው። ሚስት አላገባም፤ ልጅ አልወለደም። ከሆቴል ሆቴል እየተዘዋወረ በኒውዮርክ አደባባዮች እርግቦችን ይመግብ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የቤት ኪራዩን የከፈለለት የዌስቲንግሀውስ ኩባንያ ነው። በጃንዋሪ 7 ቀን 1943 በ86 ዓመቱ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሞተ። አመዱ በ1957 ወደ ቤልግሬድ ሄዶ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ተቀምጧል፤ በ1960ም የማግኔት ኃይል መለኪያ በስሙ ቴስላ ተባለ። በክፍላችን በየሳምንቱ የምንጽፈው ትልቁ የእንግሊዝኛ ቲ ፊደል ማለት ነው።

ባለፈው ሚያዝያ በእኛ ወገን ያለነው ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተን አራት ምሰሶ ተተከለና ሽቦው ቤታችን ገባ። በዚያ ሽቦ ውስጥ የሚመጣው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የቴስላ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። እናቴ ግን መብራቱ በየጊዜው ስለሚጠፋ ኩራዙን ከመደርደሪያው አላነሣችውም።

በዚህ ዓመት የክርክር ማኅበሩ ተራ ሲሰጠኝ ያለፈውን ንግግሬን ራሴ እያረምሁ አቀረብሁ። የዚህ ጊዜው ጭብጨባ ከአምናው ያነሰ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል የመጣ አንድ ተማሪ ግን ማማው ዛሬ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማማው የለም። ስምንት ማዕዘን ያለው መሠረቱ ግን እስከ አሁን መሬት ላይ ይታያል፤ ከአጠገቡ የነበረውንም የቴስላን የጡብ ሕንፃ፥ ከብዙ አገር ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ በተዋጣ ገንዘብ በ2013 ገዝተው ለሳይንስ ማስተማሪያ እንዲሆን አድርገውታል።